ሦስተኛው ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ኅዳር 8
የደብረ ታቦር ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ለጋሼ ሞላ የትኬት ቢሮ የሠራሁት ፕሮግራም ዛሬ ሳይወላከፍ ዋለ። ጎንደር ላይ ትኬት ሲቆረጥ የተሳፋሪው ስም፣ ስልክና የተሳፈረበት ቦታ በኢንተርኔት ወዲያው እዚህ ይደርሳል። ጋሼ ሞላ መረቁኝ። ደስ ብሎኛል፣ ማስታወሻዬ።
አንድ ነገር ብቻ። ስክሪኑ የተገናኙ ኮምፒውተሮች ሦስት ይላል። እኔ የጫንኩት ሁለት ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ስለ ሦስተኛው ኮምፒውተር ጋሼ ሞላን ጠየቅኳቸው። የወዳጄ ነው አሉ። ወዳጃቸው የሰው ስም ምን ያደርግለታል?
«አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ ልጄ። የቀረውን ለእኛ ተይው።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ትናንት ከጎንደር የመጣውን ሚኒባስ ይፋግን አለፍ እንዳለ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሙት። ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ልጅ ብቻ አውርደው ወሰዱ። ሹፌሩ ቢሮ መጥቶ ሲናገር ሰማሁ። መታወቂያ አልጠየቁም፤ በስሟ ጠሯት።
ማን ምን እንደከፈተ ፕሮግራሙ ያስቀምጣል። አየሁት። ሦስተኛው ኮምፒውተር የከፈተው የእሷን ስም ብቻ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ የተሳፈረችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ከውጭ ገንዘብ ይዛ መጥታለች ብለው ይሆናል።
ለማን ልናገር? ማንስ ይታመናል?

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ረፋድ
የሚካኤል ዕለት። ዓረብ አገር ያለችው እህቴ ስንዱ ሳትነግረኝ ተመልሳለች! ልታስደንቀኝ ይሆናል። ስሟን ስክሪኑ ላይ አየሁት። መነሻ፦ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ። እልል ልል አፌን ስከፍት ሦስተኛው ኮምፒውተር ስሟን ከፈተው።
ሰርቨሩን ዘጋሁት። ምን ዋጋ አለው፤ አይተዋታል። ትኬቱ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ደግሜ። የለም። መድኃኔ ዓለም!
አነሳች።
«ስንዱዬ፣ ይፋግ ሳትደርሺ አዲስ ዘመን ላይ ውረጂ።»
«ምን ሆነሻል አንቺ? ሻንጣዬስ?»
«ሻንጣሽ ገደል ይግባ! ውረጂ!»

ከሰዓት
ወርዳለች። ነጠላ ተከናንባ ወደ ጣራ ገዳም ከሚወጡ ተሳላሚዎች ጋር ተቀላቀለች። ስልክሽን አጥፊ ብያታለሁ።
የሚኒባሱ ረዳት ወደ ቢሮው ደወለ። ይፋግ አጠገብ አስቁመዋቸው ነበር። ስሟን ጠርተው ሲያጧት ሹፌሩን በሰደፍ መቱት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ፕሮግራሙን ከሥሩ ደመሰስኩት። ማን ምን እንደከፈተ የሚያሳየውን ብቻ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ቢሮው አልመለስም። አሁኑኑ ወደ ገዳሙ፣ ወደ ስንዱ እሄዳለሁ።
ጋሼ ሞላ ደወሉ። ፕሮግራሙ ለምን ቆመ አላሉኝም። ድምፃቸው እንደ አባት ለስላሳ ነው። እህትሽ በደህና ገባች ወይ አሉኝ።
እኔ ስለ ስንዱ ለማንም አልተነፈስኩም።