ቨርሊን ሃውገንና አርዲስ የሰፉት ክንፍ

በእህል ጎተራው ደጃፍ «ቨርሊን መብረር ፈርቷል» የሚለው ወሬ መወራት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያስጀመሩት ጎረቤታችን ኦሪን ናቸው። ዛሬም ለስንብቱ መጥተው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋልና ታሪኩን ከባለቤቶቹ ይስሙት።

አያታችን ቨርሊን ሃውገን ከአባታቸው ከኦለ ሃውገንና ከእናታቸው ከጉድሩን እ.ኤ.አ. በ1936 እዚሁ ሚኒሶታ፣ በቤተሰቡ እርሻ ላይ ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ አባታቸው ስለታመሙ ትምህርቱን ትተው ወደ ላሞቹ ገቡ። ላም የሚያልብ ሰው እረፍት አያውቅም፤ እሳቸውም አላወቁም። በ1958 ከወይዘሮ አርዲስ ጋር ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ።

በ1963 የዘር መዝሪያ ማሽን ሊገዙ ጨረታ ሄዱ። የተመለሱት ግን በ1939 የተሠራች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ክንፎቿን የሸፈነውን ጨርቅ አይጥ የበላው አውሮፕላን በድርቆሽ ጋሪ ጭነው ነው። አርዲስ በር ላይ ቆመው፣

«መዝሪያው የታል?» አሉ።

«ይቺ ረከሰችልኝ።»

«እኔንም በርካሽ ነው ያገኘኸኝ፤ እኔ ግን እሠራለሁ!»

እንዲህ ያሉት አርዲስ ያንኑ የበረዶ ወራት ጋጣው ውስጥ፣ በላሞቹ ትንፋሽ እየሞቁ፣ በሰም በታሸ ክር የክንፎቹን ጨርቅ ሰፉ። ቨርሊን ሲበሩበት ኖረው ጨርቁ ባረጀም ጊዜ፣ በ1996 አርዲስ እንደ አዲስ ሰፉት። በ2001 አረፉ።

በ2004 የዓመቱን ምርመራ ያደረጉት መካኒክ በማያ ቀዳዳው መስታወት አስገብተው ሲመለከቱ፣ በግራው ክንፍ ውስጥ፣ ክንፉን በሚሸከመው የእንጨት ወጋግራ ላይ መስመር አዩ። ስንጥቅ ከሆነ ክንፉ አየር ላይ ይሰበራል፤ ለማረጋገጥ ደግሞ ጨርቁ መቀደድ አለበት። አያታችን «የሷን ስፌትማ አልቀድም» አሉ። አውሮፕላኗም ቆመች። ፈሪ የተባሉት ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሯን አስነስተው፣ እስክትሞቅ አጠገቧ ቆመው ያጠፏት ነበር። «ዳግም አንዴ ሳልበር አልሞትም» ይሉ ነበር። የክንፍ ስፌትን ከመጽሐፍ ብቻ የተማርኩት እኔ የልጅ ልጃቸው ሲግኒ፣ መዳፍ የምታህል ቀድጄ መልሼ ልስፋው ብዬ ለመንኳቸው።

«አንቺ መስፋት ተምረሻል፤ የሷን እጅ ግን ከየት ታመጪዋለሽ?» አሉኝ።

ልባቸው ሲደክም ሞተሯን በእጅ አዙሮ ማስነሳቱም ቀረ። ወንበር አስወጥተው ከጎኗ ይቀመጡ ነበር። ማርች 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ86 ዓመታቸው፣ ዳግም ሳይበሩ፣ አረፉ። ልጆቻቸው ካርስተንና ማሪት፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውም እንሸኛቸዋለን። የደከመውን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከላሞች ራቅ ባለ ቦታ ያሳርፍልን።

አክስቴ ማሪት የእናቷ ስፌት ቁራጭ አብሯቸው እንዲቀበር ስለፈለገች፣ ትናንት የግራውን ክንፍ ጨርቅ እኔው ቀደድኩት። መካኒኩ ያዩት መስመር ሲቀባ ወርዶ የደረቀ ቫርኒሽ ነበር። እንጨቱ ደህና ነው።