ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ

ውዴ አስናቀች፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል፤ አንቺን ስለ ጤና መጠየቅ ግን ምን ይሉታል? በሦስት ቀን ሕመም ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። እኔን ካልሽኝ ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። የማይበላው ልጃችን ነው፤ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

ቢኒያም በሚያዝያ አራት ዓመት ሞላው። አንገቱ ያው እንደምታውቂው ነው፣ ደህና አድርጎ አይቆምለትም። ምላሱ ምግቡን መልሶ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ዋጠ ስንል ደግሞ ትን ይለዋል። አምና የጠበበው ቁምጣ ዘንድሮ ሰፍቶት ወገቡ ላይ በክር አስረንለታል። ይህን ላንቺ መንገር ይከብደኛል፤ ግን ለማን ልንገረው?

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። እናትሽ ከእኛ ጋር ናቸው። እኔ መንገዱን ትቻለሁ። ከመቂ ሽንኩርት የምጭንባትን መኪና አለቆቼ ለሌላ ሾፌር ሰጥተው፣ ስለምናቸው እኔን እዚሁ ናዝሬት ጋራዥ አስገቡኝ። ምሳ ሰዓት ቤት እንድደርስ ብዬ ነው። ባለፈው ከቀበሌ ስብሰባ ቀርቼ ሊቀመንበሩ በሰው ፊት አስነስቶ ምክንያቴን ጠየቀኝ። ልጄን ሳበላ ነው አልኩት። ምሳ ለማብላት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል ወይ ሲለኝ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

በመጀመሪያ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። አንቺን በቀበርን በሳምንቱ ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልቀምስ አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ እናትሽ እጆቹን ያዙልኝ፣ እኔ አፍንጫውን ይዤ አጥሚቱን በመዳፌ አንቆረቆርኩበት። ትንፋሹ ቆመ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ደፍቼ ጀርባውን ስመታው ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ልጁን ከምግብ ጋር ያጣላሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ።

አሁን ሲስተር ወርቅነሽ የሚባሉ ነርስ እየመጡልን ነው። መብላት ያቃታቸውን ልጆች እቤታቸው እየሄዱ ያለማምዳሉ። ማክሰኞና ዓርብ በጋሪ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ልጁን አልነኩትም። ቁጭ ብለው አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እናቱ እንዴት አድርጋ ነበር የምታበላው?»

አስኑ፣ አላየሁም አልኳቸው። አንድ ቀን እንኳ አይቼሽ አላውቅም። የሰው ዓይን ይወጋዋል ብለሽ ሳህኑን በነጠላ ሸፍነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ትገቢ ነበር። ለጎረቤታችን ለአዴ ጫልቱ አላሳየሽ፣ ለወለዱሽ እናትሽ አላሳየሽ። እኔም ከመንገድ ስመለስ ከመጋረጃው ወዲህ እግሬን ዘርግቼ ራዲዮ እከፍታለሁ። ገልጬ ልግባ ስልሽ ትቆጪኛለሽ፤ እኔም የሴት ሥራ ነው ብዬ እተወዋለሁ። የማየው ባዶ ሳህን ይዘሽ ስትወጪ ብቻ ነው። ስትታመሚም አበላሉን አልነገርሽኝ፣ እኔም አልጠየቅሁሽ። ሞተር ቢሆን ፈትቼ አየው ነበር፤ የልጅ ጉሮሮ አይፈታ።

ሲስተር ዝም ብለው አልተዉኝም። ካላየህ የሰማኸውን ንገረኝ አሉ። ማንጎራጎርሽን ነገርኳቸው። ታንጎራጉሪያለሽ፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ዝም ትያለሽ፣ ከዚያ እንደገና ታንጎራጉሪያለሽ። ዝም የምትለው እስኪውጥ እየጠበቀችው ይሆናል አሉኝ። እኔ እኮ እንቅልፍ ሸለብ የሚያደርግሽ ይመስለኝ ነበር።

መጋረጃውንም አስወረዱኝ። ልጁ ሌላው ሰው ሲበላ እያየ፣ ከሰው ጋር ይብላ ብለው ነው። እናትሽ ልጄን የበላት ዓይን የልጅ ልጄንም ሊበላው ነው ብለው አለቀሱ፣ ሁለት ቀንም አኮረፉኝ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም የሰቀልሽውን መጋረጃ አውርጄ፣ አጥፌ ራስጌዬ አኖርኩት።

አሁን እኔም እጠብቃለሁ። ጉልበቴ ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፣ አገጩን በጣቴ ደገፍ አደርጋለሁ፣ ማንኪያውን ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፌ ዝም እላለሁ። ሲቀናን ስድስት ማንኪያ ይወስዳል። ሳይቀናን አንድም። ትናንት ሁለት ነበር። ሲስተር ሲመዝኑት ፊት ፊታቸውን አያለሁ፤ ቁጥሩን ጽፈው ሚዛኑን ያነሣሉ። ይተርፍልኝ ይሆን ብዬ ልጠይቃቸው ሦስት ጊዜ እስከ ጋሪው ሸኝቻቸው፣ ሳልጠይቅ ተመልሻለሁ።

አንድ ነገር ግን እያደረግሁ ነው፤ አትቀየሚኝ። ሲበላ ማንንም ከቤት አላስወጣም። አዴ ጫልቱ ከጎኔ ተቀምጠው ያያሉ፣ እናትሽም እያጉረመረሙም ቢሆን ያያሉ። እኔ ነገ አንድ ነገር ብሆን እጄን ያየ ሰው ይኑር ብዬ ነው። አንቺ ልታድኚው ብለሽ እንደሸሸግሽው ግን አውቃለሁ፣ እወቂልኝ።

ሙት ዓመትሽ እየደረሰ ነው። ለሞተ ሰው የሚጽፍ ሁሉ አልረሳሽም ብሎ ይጨርሳል፤ እኔም አልረሳሽም። አረማመድሽን፣ ቁጣሽን፣ ከመቂ ስመለስ በሩ ላይ ቆመሽ አቧራዬን የምታራግፊበትን እጅ፣ ሁሉንም ይዣለሁ። ልጃችንን የሚያበላው እጅሽ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለም። እሱን አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጬ ባየው ኖሮ፣ እስክሞት አልረሳውም ነበር።

የቢኒያም አባት