ጠዋት የሸክላ አፈር ሊቆፍሩ ወጥተው ያልተመለሱት ወይዘሮ ቦሼ ጅሩ

ወይዘሮ ቦሼ ጅሩ ከአባታቸው ከአቶ ጅሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባዩሽ በ1984 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ፣ ከጂንካ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የአሪ መንደር ተወለዱ። ስማቸው በዚህ ወረቀት ላይ መታተሙን እኛ ቤተሰቦቻቸው አሁንም አላመንንም። ባለፈው እሑድ፣ በትንሣኤ ዕለት፣ አብረውን ሲዘምሩ ነበር።

በጂንካ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ወላጅ እናታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ከእሳቸው በለመዱት የሸክላ ሥራ ቤቱን ያዙ። ድስትና እንስራ በአይሱዙ ጭነው አልዱባ ገበያ እየሸጡ ታናሽ ወንድማቸውን ተረፈን አስተማሩ። ይህን የጻፈው እሱ ነው።

በ2003 ዓ.ም. ከጋሞ ለግንበኝነት ወደ ጂንካ ከመጡት ከአቶ እውነቱ ጋር ትዳር መሥርተው አቢጊያንና ፋሲልን ወለዱ።

በ2009 ዓ.ም. የጋራው የሸክላ መሥሪያ ሲከፈት አባል ሆኑ። እዚያ መደርደሪያውና የማቃጠያ ምድጃው የሁሉም ነው፤ ሥራው ግን የየራስ ነው። ወይዘሮ ቦሼ የገበያውን ከጨረሱ በኋላ ማንም ያላዘዛቸውን ይሠሩ ጀመር፤ እስከ ወገብ የሚደርሱ፣ አንገታቸው ጠምዘዝ ያለ፣ ውኃም እህልም የማይያዝባቸው ዕቃዎች። ለምን ይደክማሉ ሲባሉ፣ እጄ ወዶት ነው ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ በደንብ ሳይደርቅ ምድጃ ገብቶ ፈነዳ፤ አብሮት የነበረውን የሌሎቹን ዕቃ ሁሉ ሰባበረው። አባላቱ ተቆጡ፤ ከእንግዲህ ምድጃውን እንዳይነኩ ይከልከሉ ያሉም ነበሩ። ወይዘሮ ቦሼ አልተከራከሩም። የራሳቸውን ሥራ አቁመው የተሰበረውን ለየባለቤቱ መልሰው ሠሩ። የመጨረሻውን ሲያስረክቡ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሙሉሽ፣ “የኛን መልሰሻል። ነገ ምድጃው ላንቺ ብቻ ነው፤ ያንን ሠርተሽ ያስቀመጥሽውን ረጅሙን አምጪው” አሏቸው። ዕቃው ሳይሰነጠቅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ለራሳቸው ደስ ያላቸውን መሞከር ጀመሩ። በመጪው ግንቦት ሥራቸውን በጋራ ለሕዝብ ሊያሳዩ ተዘጋጅተው ነበር።

ሐሙስ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ከወይዘሮ ሙሉሽ ጋር አፈር ሊቆፍሩ ወጡ። ዝናብ ጥሎ አድሯል። ከቤት ሲወጡ አቢጊያን፣ “ያልጨረስኩትን በላስቲክ ሸፍኚው፤ እንዳይደርቅብኝ” አሏት። እሷም ሸፈነችው።

ወይዘሮ ሙሉሽ ከላይ ሆነው አፈሩን ሲቀበሉ፣ የረጠበው አፋፍ ጉድጓድ ውስጥ የነበሩት ወይዘሮ ቦሼ ላይ ተናደ። መንገደኛውና የመሥሪያው አባላት በአካፋም በእጃቸውም ቆፍረው አወጧቸው፤ ሕይወታቸው ግን አልፎ ነበር። አቶ እውነቱ ከሥራ ተጠርተው ሲደርሱ፣ ለምን ሐኪም ቤት እንደማይወስዷቸው ደጋግመው ጠየቁ። ወይዘሮ ቦሼ አልታመሙም፤ ማንንም አልተሰናበቱም። ሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ቀርተዋል። አባታቸው አቶ ጅሩም በሕይወት አሉ፤ ልጃቸውን ይቀብራሉ ብለን አስበን አናውቅም።

እኛ ያልተዘጋጀንበትን ቀን ጌታ ያውቀው እንደነበር ወገኖቻችን እየነገሩ ያጽናኑናል። ገና አልቻልንም፤ እንዲያስችለን ጸልዩልን። እህታችንን ግን በእጁ እንደተቀበላቸው እናምናለን።