የዝምታ ኮከብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዛሬም ስጮህ ዋልኩ። ሠላሳ ሁለት ልጅ፣ ሠላሳ ሁለት አፍ። ጉሮሮዬ ተላጠ። ከደሴ ስመጣ "ሕፃን ማስተማር ምን ይከብዳል" ያልኩት እኔው ነኝ።

እቤት ስገባ ደግሞ ተቃራኒው። እዚህ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የተከራየኋት አንዲት ክፍል... አልጋ፣ ቡታጋዝ፣ ጸጥታ። አከራዬ እትዬ ፀሐይ ግቢው በር ላይ ከጎረቤታቸው ጋር ቆመዋል። "ይቺ ናት ተከራዬ። ድምፅዋ አይሰማም፣ አለች የለችም አይባልም" አሏት። እያመሰገኑኝ ነው። ታዲያ ለምን ከፋኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

መላ አገኘሁ! ዝም ብሎ ለተቀመጠ ልጅ እጁ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኮከብ እሥልለታለሁ። ለሚያወራ የለም።

ቢኒያም ኮከቡን ባገኘ በአምስት ደቂቃው ብድግ ብሎ "ሚስ፣ ሽንቴ መጣ!" ብሎ ጮኸ። "ሳይፈቀድ መናገር አለ?" አልኩና ኮከቡን በእርጥብ ጨርቅ ደመሰስኩበት። ከዚያ ሽንት ቤት ላክሁት። እያለቀሰ ሄደ። ትንሽ አንጀቴን በላኝ። ክፍሉ ግን... ዝንብ ሲበር ይሰማል! ዳይሬክተራችን አቶ ግርማ በመስኮት አይተው "በርቺ" አሉኝ። ሐዋሳ ከመጣሁ በርቺ ያለኝ ሰው የለም።

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ሐይቅ ዳር ወጣሁ። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ነው። አሳ አዘዝኩ። "ሰው እየጠበቅሽ ነው?" አለኝ አስተናጋጁ። "አዎ" አልኩት። ለምን ዋሸሁ? ግማሹን ትቼ ተነሣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሩሀማ አምስተኛ ኮከቧን አገኘች። የአራት ዓመት ልጅ፣ ፊት ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ... በአምስት ቀን አንድ ቃል አልወጣትም። ትናንት የመገናኛ ደብተሯ ላይ "በጣም ጨዋና ዝምተኛ ልጅ ናት" ብዬ ለቤተሰቧ ጽፌ ነበር። እናቷ ኤልሳቤጥ ዛሬ ከሥሩ መልሳለች። "እናመሰግናለን ሚስ። ግን ኮከቡ ይጠፋብኛል ብላ እጄን አልታጠብም አለች።"

እቤት ገብቼ ደግሜ ሳስበው ጮክ ብዬ ሳቅኩ። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ሩሀማ ልብሷ ላይ ሸናች። ወንበሯ ሥር ሲፈስ ነው ያየሁት። ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ኮከብ ያለበትን እጇን በሌላው እጇ ሸፍናዋለች። የክፍላችን ሞግዚት ልብስ ቀየረችላት። "ለምን አልነገርሽኝም የኔ እናት?" አልኳት። እጇን ወደ ጀርባዋ ደበቀች።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ሩሀማ ቀረች። ዓርብም አልመጣችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

እናቷ መጣች። ሆቴል ነው የምትሠራው፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሽንቷን እየያዘች ነው አለ ሐኪሙ። ኢንፌክሽን ሆኖባታል። ትኩሳቱ ገና ዛሬ ነው የተዋት።"

"እኔ እኮ ጨዋ ልጅ ናት ብዬ..."

"ሚስ፣ ሩሀማ እቤት አፏ አያርፍም! ዝምተኛ ናት ሲሉን የማንን ልጅ ነው የሚሉት እያልን ነበር። ጠየቅኳት። 'ካወራሁ ሚስ ኮከቤን ታጠፋዋለች፤ የቢኒን አጥፍታዋለች' አለችኝ።"

ይቅርታ ጠየቅኩ። ሌላ ምን ይባላል? "ትመለሳለች?" አልኳት። "አልሄድም እያለች ነው። እስከ ሰኞ አይተን ሌላ ትምህርት ቤት እንፈልግላታለን።"

እኔ ነኝ ያሳመምኳት። እኔ... በቀይ እስክሪብቶ። ለእትዬ ፀሐይ ልንገራቸው ብዬ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እንዳልረብሻቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ቢኒያምን ልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ኮከቡንም መለስኩለት። "ከዛሬ ጀምሮ ኮከብ የሚያገኘው የቸገረውን የሚናገር ነው" አልኳቸው። "ሽንት ሲመጣ፣ ሆድ ሲያም፣ ጓደኛ ሲያለቅስ። የተሣለ ኮከብ ደግሞ አይደመሰስም።" ክፍሉ ወዲያው ገበያ ሆነ። አቶ ግርማ በመስኮት ብቅ አሉ። "ያ ዘዴሽ ምን ነካው?" "ልጅ አሳመመ" አልኳቸው።

ለኤልሳቤጥ ደወልኩ። ስልኩን ለሩሀማ ሰጠቻት። "ኮከብሽን ማንም አያጠፋውም፣ እሺ?" አልኳት። ትንፋሿን ብቻ ሰማሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

መጣች! የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ። ቃል አልተናገረችም። በየሰዓቱ ሽንትሽ መጣ ወይ እያልኩ እኔው ጠየቅኳት፤ ራሷን በመነቅነቅ ብቻ መለሰችልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

እስከ ዛሬ ምንም። ከሠላሳ ሁለቱ መሀል ድምፅዋን ለይቼ ሰምቼው አላውቅም እኮ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ፊደል እያስነበብኩ፣ ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ... "ሚስ! ሽንቴ መጣ!" ዞር ስል ሩሀማ ናት። ቆማ! ድምፅዋ እንዲህ ወፍራም ነው እንዴ? ልጆቹ አጨበጨቡላት። ሮጣ ሄዳ ተመለሰችና እጇን ዘረጋችልኝ። ታጥባዋለች፣ ገና እርጥብ ነው። በቀሚሴ አደረቅኩላትና ኮከቧን ሣልኩላት። እንባዬ መጣ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! ስለ ድመታቸው፣ ስለ ወንድሟ ጥርስ... በእረፍት ሰዓት አጠገቤ ተቀመጠች።

"ሚስ፣ አንቺ እቤት ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከማንም።"

"ሁልጊዜ ዝም ብለሽ ነው?"

"አዎ።"

እጄን አንሥታ እያገላበጠች አየችው። "ታዲያ ኮከብሽ የታለ?"



ከሥራ ስመለስ ወደ ክፍሌ አልገባሁም። የእትዬ ፀሐይን በር አንኳኳሁ።

"ምነው ልጄ፣ ውሃ ጠፋ እንዴ?"

"ውሃስ አለ። ብቻዬን መሆን ሰለቸኝ፣ እትዬ ፀሐይ።"

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። "እኔን! እኔ ደግሞ ሰው የማትወጂ መስሎኝ፣ እንዳልረብሽሽ ብዬ..." ወንበር ሳቡልኝ።

ስለ ደሴ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሩሀማ ነገርኳቸው። እሳቸውም የእሳቸውን። ጉሮሮዬ ዛሬም ተላጧል።