ጥቁሯን ሽጉጥ ወስጃታለሁ

ሙስዓብ፣

ቁም ሳጥንህ ውስጥ ያስቀመጥካትን በአየር ግፊት የምትተኩስ ሽጉጥ ወደ ሱቁ ልመልሳት ነው። ሽበታም ሰው ብዙ አይፈተሽም።

ዒላማ መተኮስህን አልጠላሁም። ርካሽ ስለሆነች መረጥካት፤ ግን ከፖሊስ ሽጉጥ ማን ይለያታል? ትናንት «ጋሼ፣ እርስዎ ጥላዎንም ይፈራሉ» ብለህ ሳቅክብኝ። እኔ የፈራሁት ወደ ዊልስደን ሰፈር በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ቦርሳህ ሲከፈት የሚያያትን ሰው ነው። እሱ ለፖሊስ ይደውላል እንጂ አንተን አይጠይቅህም። የሚመጡትም አይጠይቁህም።

ዒላማ የምትለማመድበት ክለብ ውስጥ እጀታዋ እንጨት የሆነ አሮጌ የዒላማ ሽጉጥ በዚያው ዋጋ አለች። ያቺን ያየ አይደነግጥም። እዚያው ያስቀምጡልሃል።

ሩዝ ድስቱ ውስጥ አለ።

ሳላስፈቅድህ ዕቃህን መንካቴ ነውር ነው። ማታ ስትገባ የፈለግከውን ተናገረኝ።

ብቻ ግባ።

ተውፊቅ