በአጥሩ ሥር የተከልኩት በሶብላ

እማዬ፣ አፈሩ ቀለለሽ? ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ወጣ።

ቤት ደህና ነን። ቀይዋ ላም ጥጃ ወልዳለች፤ አባዬም ያን የሚያመውን ጥርሱን አስነቀለ። ሌላ የምነግርሽ ግን አለኝ፤ ለማንም ያልነገርኩት።

በለቅሶሽ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ዝናሽ ከሁሉም በላይ ጮኻ አለቀሰች። ጓዳችን ገብታ ስትሠራም ዋለች። ስትሄድ ግን ከጣሪያው ሥር አስረሽ የሰቀልሽው የበሶብላ ዘር አብሯት ሄደ። ነጠላዋ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። ታውቂኛለሽ፣ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም።

ያን ዘር እንዴት እንዳገኘሽው የማውቀው እኔ ነኝ። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ የበሶብላው መደብ መሃል ቁጭ ትዪና ቅጠሉን በጣትሽ አሽተሽ አፍንጫዬ ሥር ትይዢልኛለሽ። ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚለውን ሳያብብ ትነቅይዋለሽ፤ ሎሚ ሎሚ የሚለውን ብቻ ለዘር ትተይዋለሽ። አንዴ ወገቤ የሚደርስ ያማረ ተክል ነቅለሽ ስትጥይው አለቀስኩ። «መልኩን አትዪ፤ ካበበ ንቧ ሁሉንም ታደባልቅብናለች» አልሽኝ። ከዓመት ዓመት የሎሚው እየበዛ መጣ።

እትዬ ዝናሽ ዘርታው በቀለላት። «ከእናቴ የወረስኩት ነው» እያለች ለሆቴል ወጥ ቤት ማቅረብ ጀመረች። አንድ ቀን ቦኖ ላይ ሴቶቹ ፊት «አንቺስ የኔ ዝምተኛ፣ ከእናትሽ ምን ወረስሽ? እንባ ብቻ?» ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። ጀሪካኔን ሳልሞላ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት ያንን ቅርንፉድ የሚሸተውን ችግኝ ከሰው ጓሮ ለምኜ በአጥራችን ሥር ከዳር እስከ ዳር ተከልኩት። ከሷ መደብ የሚለየን ቁልቋሉ ብቻ ነው። አንድም አልነቀልኩም። የሷ ሲያብብ የኔም አበበ። ንቦቹ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ቁጭ ብዬ አየሁ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ከዚያ የለቀመችውን ዘር ስትዘራ ገሚሱ ቅርንፉድ ሆነባት፤ ገሚሱ ምንም አይሸትም። የሆቴሉ ወጥ ሠሪ እስሩን አሽትቶ መለሰላት። ባለፈው እሑድ ደጃችን መጣች። «የኔ ልጅ፣ ከእናትሽ ዘር የተረፈ የለም?» አለችኝ። ከእናትሽ አለች፣ እማዬ! በራሷ አፍ!

«አለ» አልኳት ዓይኗን እያየሁ። «ላንቺ ግን የለም።»

ዘሩ ገነተ ማርያም፣ እህትሽ ዘንድ ነው። ደጃፋችን ላይ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ከሎሚው ዘርሽ የቀረችውን አንዷን ተክል ወስጄ፣ ሌላ በሶብላ በማይደርስበት ጓሮ አባዛኋት።

የነፍስ አባታችን ቂም ይዞ መቁረብ አይቻልም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ አልቆርብም፤ ይቆየኝ። በሚመጣው ክረምት በእህትሽ ጓሮ ጠዋት ጠዋት እያሸተትኩ እነቅላለሁ፣ እንዳስተማርሽኝ። እዚህ ደግሞ በአጥሩ ሥር ያንኑ ቅርንፉዱን እተክላለሁ፤ እትዬ ዝናሽ የሰረቀችው ዘር አንድ ቅጠል እንኳ አንቺን አንቺን እስከማይሸት ድረስ። እኔ እያለሁ የምትረሺ እንዳይመስልሽ።

ልጅሽ