ለወንድሜ የመረጥኩት ድንጋይ

ማክሰኞ

በጌን አረዱት። ግልገል ሳለ የክርስትና እናቴ የሰጡኝን፣ ገብስ ከእጄ እያበላሁ ያሳደግኩትን በግ። አባባ ቢላዋ እየሳሉ «ልጄ መጣ፤ ሌላ የሚታረድ አለን እንዴ?» አሉኝ። መልሴን ግን አልጠበቁም።

የመጣው ወንድሜ አበጀ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «ድርሻዬን ስጡኝ!» ብሎ በአባባ ላይ የጮኸው፣ እምቢ ሲሉት ዳማውን ፈረስ ፈትቶ የጠፋው። ፈረሱን ዳንግላ ገበያ እንደሸጠው በሦስተኛው ቀን ሰማን። ከዚያ ሁመራ ገባ አሉ። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ወንድ ለለቅሶ በፈረስ ሲሰለፍ አባባ ከሴቶች ጋር ኋላ ኋላ በእግራቸው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ትናንት ድንች እየቆፈርን ነበር። ከታች ከመንገዱ አንድ የከሳ ሰው ብቅ አለ። አባባ ዶማቸውን ጥለው ሮጡ። ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። እሱ ሊንበረከክ ሲል ክንዱን ይዘው አነሱት፤ የራሳቸውን ጋቢ አልብሰው ይዘውት መጡ።

ድንጋይ እንኳ አልተሸከመም! የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ በበደለው ሰው ፊት ይቆማል፤ ያ ሰው «ይቅር» ብሎ እስኪያወርድለት ድረስ። እሱ ግን በባዶ ትከሻው ገብቶ ከምድጃው ዳር ተቀመጠ።

ከሥጋው አልቀመስኩም።

ረቡዕ

ጾም ነው። ሽሮ ሠራሁ። ለእሱ ከድስቱ ላይ ቅጥን ቅጥኑን ጨለፍኩለት። «እጅሽ ጣፍጧል፣ ይታይሽ» አለኝ። ይባስ ተናደድኩ።

ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?»

አያውቅም! እሱ በጠፋ በሳምንቱ ከአምስተኛ ክፍል አስወጡኝ። እናቴ በእሱ ፋንታ እርሻ ወረደች፤ እኔ በእናቴ ፋንታ ቤት ቀረሁ። አብረውኝ የነበሩት ዘንድሮ ሰባተኛ ናቸው። ወደ ኮሶ በር ትምህርት ቤት ሲያልፉ በአጥሩ ቀዳዳ አያቸዋለሁ። እንዳያዩኝ ጎንበስ እላለሁ።

ተነሥቼ ወጣሁ።

የማደርግበት፦ አላናግረውም። ልብሱን አላጥብም። ሰው በተሰበሰበበት «ፈረሱስ የት አለ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ይህን የመጨረሻውን እንኳ አልችለውም። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም።

ሐሙስ

የነፍስ አባታችን መጡ። ወንጌሉን አነሡ፤ ርስቱን በትኖ ስለተመለሰው ልጅ፣ አባቱም ከሩቅ አይቶት እንደሮጠ። ታላቁ ልጅ ተቆጥቶ ደጅ መቆሙን ግን በአንድ ቃል አለፉት። እዚያ ላይ ትንሽ ቢቆዩ ምን ነበረበት?

ኋላ ግን ደስ የሚል ነገር ተናገሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ አበጀ በወጉ ድንጋይ ይሸከማል።

«እኔ እኮ ይቅር ካልኩት ቆየሁ አባ» አሉ አባባ።

«ለእርስዎ ብዬ መሰለዎት? ለእሱ ነው። ሳይሸከም የገባ ሰው ዕድሜ ልኩን አንገቱን እንደደፋ ይኖራል።»

አበጀን አውቀዋለሁ፤ ከጋራው ሥር ያለውን ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ነው የሚያመጣው። ሲያዩት የበሬ ራስ ያህላል፤ ሲያነሡት እንደ ቅል ይቀላል። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ይህንኑ ሲያወሩ በሳቅ ሊሞቱ ነበር። «ባሌ እሱን ተሸክሞ እያቃሰተ ቆመልኝ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱለት፤ እኔም አለቀስኩ። በማግሥቱ ድንጋዩን ዶሮ እየጫረች ስትገለብጠው አላገኛትም መሰለሽ!»

እኔ አልታለልም። ድንጋዩን ራሴ እመርጥለታለሁ።

ዓርብ

ውሃ ልቀዳ ብዬ ወንዝ ወረድኩ። አንዱ ድንጋይ ጠፍጣፋ ነው፤ ጫንቃ ላይ እንደ ትራስ ይመቻል። ተውኩት። ሌላው ክብ ነው፤ ተንከባሎ ቢወድቅ ተገላገለ ማለት ነው። ሦስተኛውን ከውሃው ውስጥ አገኘሁት። ጥቁር፣ ድፍን፣ አንድም ቀዳዳ የሌለው፤ በአንድ ጎኑ አንገት የሚቆርጥ ስለት አለው። ይኸው ነው አልኩ።

ሦስት ጊዜ አርፌ አመጣሁት። ትከሻዬ ተላጠ። እንስራውን ወንዙ ዳር ረስቼው ተመልሼ ወረድኩ።

አባባ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ምንድን ነው ይህ?»

«የበርበሬ መፍጫ» አልኩ።

«ይህን የሚያህል በርበሬ ማን ዘራልን?» ብለው ሳቁ። ኋላ ቀሚሴ ትከሻው ላይ ደም መንካቱን አዩ። ሳቃቸውን አቆሙ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ቅዳሜ

ድንጋዩን አበጀ ፊት አኖርኩት፤ ለእሑድ መሆኑ ገባውና ሊያነሣው ሞከረ። ጉልበቱ ድረስ አድርሶ ጣለው። ከሁመራ ይዞት የመጣው ወባ ዛሬም አንቀጥቅጦታል። ከጓዳ በር ሆኜ አየሁት፤ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ ስጽፍ አላፈርኩም።

እናቴ ግን ደረሰችብኝ። «አንቺ፣ ልብሽ መቼ ነው እንዲህ የደነደነው?»

«ከትምህርት ቤት ያስወጣችሁኝ ዕለት!» አልኳት። እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ከግድግዳው ወዲያ የአባባን ሳል ሰማሁ። ይስሙኝ አይስሙኝ እንጃ።

እሑድ

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው በመካከል። ድንጋዬ እፊታቸው ነው። አበጀ ሊያነሣው ጎንበስ ሲል አባባ ብድግ አሉ። «ቆይ ልጄ፤ ይህ ያንተ አይደለም» አሉት። ከዚያ ድንጋዩን ራሳቸው አንሥተው በጫንቃቸው አደረጉት። ያ ስለት ያለው ጎኑ በአንገታቸው በኩል ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው ሰውዬ?» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ተበዳዩ አንተ አይደለህም ወይ?»

አባባ በሴቶቹ መካከል አልፈው እኔ ፊት መጥተው ቆሙ።

«አበጀ ፈረስ ወሰደብኝ። ትምህርትሽን የወሰድኩብሽ ግን እኔ ነኝ። የእሱን ጥፋት አንቺን አስከፈልኩሽ። በግሽንም ሳልጠይቅሽ አረድኩ። ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። አባት ለሴት ልጁ ድንጋይ ሲሸከም ማን አይቷል? ቶሎ ማውረድ ነበረብኝ። አላወረድኩም። እውነቱን ልጻፍ፤ ክብደቱን እንዲያውቁት ፈለግሁ። ትንሽ ብቻ። ፊታቸው ላይ ላብ ወረደ። እግራቸው ሲብረከረክ «አንቺ ልጅ!» ብለው የጮኹት እትዬ ጥሩ ናቸው። ያን ጊዜ እጄን ሰደድኩ። እኔና አባባ ለሁለት አወረድነው። «ይቅር» አልኩ። አንገታቸው ላይ ቀይ ሰንበር ነበር። እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነከስኩ።

ከዚያ አበጀ ሌላ ድንጋይ ተሸክሞ ቆመ፤ ቀዳዳ የሌለው ነው፣ አይቻለሁ። አባባም እናቴም ይቅር አሉት። ተራው የእኔ ሲሆን አፌ ተከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። የነፍስ አባታችን ጆሯቸውን አቀረቡ። አንዱ ሽማግሌ «ብላለች፣ ብላለች፣ ዓይን አፋር ናት» ብሎ አሳለፈው።

አላልኩም።

ሰኞ

ኮሶ በር ሄድኩ። አባባ ሊወስዱኝ ተነሥተው ነበር፤ አንገታቸው አልዞር አላቸው። እናቴ «ወንድምሽ ያድርስሽ» አለች። ኋላ ኋላው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ አልተነጋገርንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጭቃው ላይ ቆም ብሎ «ትምህርት እንዳቆምሽ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም» አለ። አልፌው ሄድኩ።

መምህሩ መዝገቡን ገለጠ። «አምስተኛ ክፍል፣ ከትናንሾቹ ጋር ትቀመጫለሽ፤ አታፍሪም?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አላፍርም ማለቴ ነው። በጣም አፍራለሁ። «ዋስሽ ይፈርም» አለ። አባባ መጻፍ አይችሉም፤ ቢመጡም የጣት አሻራ ነበር። አበጀ ብዕሩን ተቀበለ። እጁ በወባው እየተንቀጠቀጠ ስሙን በቀስታ ጻፈ።

መምህሩ ከእሱ ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ሰው ምንሽ ነው?»

ዝም ብል ኖሮ ስሜ አይመዘገብም ነበር። አበጀ ወለሉን ያያል።

«ወንድሜ ነው» አልኩ። ጥርት ብሎ ወጣ።

ስንወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ። ያልኩት ለመምህሩ ነው፤ ለእሱ ገና አላልኩም።